የእናቴ ሁለት ሐኪሞች አይነጋገሩም፤ እኔ መሃል ላይ ሆኜ ምን ላድርግ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦

«እናቴ 73 ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። ለግፊትና ለስኳር ጤና ጣቢያ ክትትል አላት። ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ሜትፎርሚን ትወስዳለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ አጣች፣ ምግብ ጠላች፣ ሰው መጠየቅ ተወች። የአእምሮ ሐኪም ጋ ወስደናት ፍሎክሰቲን ተጀመረላት። በዚያው ሰሞን እግሬን ያቃጥለኛል ስትል ጤና ጣቢያው አሚትሪፕቲሊን ጨመረላት። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ ለእንቅልፍ ብሎ አድቪል ፒኤም ላከላት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መዘባረቅ ጀመረች፣ ቀን ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄድ ወደቀች። ሲጨንቀኝ ለጤና ጣቢያው ሁሉንም ነገርኳቸው። ‹የአእምሮው መድኃኒት ነው፣ ወደዚያው መልሻት› ብለው ሪፈር ጻፉ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ‹ለተሻለ ሕክምና› ብቻ ነው። እዚያ ስንሄድ ‹ዕድሜ ነው፣ ግፊቷንና ስኳሯን እዚያው አሳዪ› ተባልን። እናቴ ደግሞ ለምን ነገርሽብኝ ብላ ተቀየመችኝ፤ ጤና ጣቢያው ሰፈራችን ነው፣ ሰው ያውቃታል። መድኃኒቱን ላቋርጥ? ሁለቱን ሐኪሞችስ እንዴት ነው የማነጋግራቸው?»

እህቴ፣ ስለ ሐኪሞቹ ከማውራታችን በፊት አስቸኳዩን ልንገርሽ። እናትሽን ዛሬውኑ፣ ግፋ ቢል ነገ በጠዋት፣ በቂ ላብራቶሪ ያለው ሆስፒታል ይዘሻቸው ሂጂ። ቀጠሮ አትጠብቂ። አንድ ትልቅ ሰው በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ድንገት ሲዘባርቅ፣ ሲፈዝና ሲወድቅ፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ችግሩ ከሰውነት ነው ብለን ነው የምንነሳው። ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል። የመርሳት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ሳምንት አይመጣም፤ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ነው የሚገባው። ጠዋት ደህና ሆነው ማታ ግራ የሚጋቡ ከሆነ፣ አንዴ ነቃ አንዴ ፍዝዝ የሚሉ ከሆነ፣ ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሪው። ከሁሉም ምልክት በላይ የሚረዳው እሱ ነው።

እንዲሠራ የምትጠይቂው ምርመራ ብዙ አይደለም። ሶዲየምና ፖታሲየም (በደም ውስጥ ያሉ የጨው ዓይነቶች)፣ ክሬያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ የደም ስኳር፣ ሙሉ የደም ምርመራ፣ ሽንት፣ ከተቻለ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ። ጤና ጣቢያ ላይ ሶዲየም ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ሆስፒታል ያልኩሽ ለዚህ ነው። ስለወደቁ ደግሞ ጭንቅላታቸውን ተመትተው እንደሆነ ጠይቂያቸው፣ ራስ ቅላቸውንም በእጅሽ ዳሰስ ዳሰስ አድርጊ። በትልቅ ሰው ላይ የራስ ቅል ውስጥ ደም ቀስ ብሎ ሊጠራቀምና ከሳምንታት በኋላ ሊታወቅ ይችላል። ለመቀስቀስ ካስቸገሩ፣ ካንዘፈዘፋቸው፣ ተደጋጋሚ ትውከት ካለ፣ ወይም አንድ ጎናቸው ከደከመ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለምን እንዲህ እንደምልሽ ላስረዳሽ። እናትሽን አላየኋቸውም፣ ስለዚህ ይህ ነው ብዬ አልፈርድም። ግን የጻፍሽው የመድኃኒት ዝርዝር ራሱ ብዙ ይናገራል።

ፍሎክሰቲን በአንዳንድ ሰው ላይ ሰውነት ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል፤ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ሶዲየምን በሽንት ያስወጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ሶዲየም በጣም ሊወርድ ይችላል። በተለይ በትልልቅ ሰዎች፣ በተለይ በሴቶች፣ በተለይ መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። ሶዲየም ሲወርድ የሚታየው ምንድን ነው? ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ መፍዘዝ፣ ግራ መጋባት፣ መውደቅ። ያልሽውን አንድ በአንድ አይመስልም? በነገራችን ላይ ይህን አንብበሽ ጨው በጥብጠሽ እንዳታጠጫቸው። የወረደ ሶዲየም የሚስተካከለው ቀስ ተብሎ፣ እየተለካ ነው፤ በፍጥነት ከተስተካከለ ራሱ አንጎል ይጎዳል።

አሚትሪፕቲሊን ለእግር ማቃጠል መሰጠቱ ስህተት ሆኖ አይደለም። በስኳር ምክንያት ነርቭ ሲጎዳ የሚታዘዝ፣ ርካሽና በየቦታው የሚገኝ መድኃኒት ነው። ግን በትልቅ ሰው ላይ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ከተቀመጡበት ሲነሱ ግፊትን ይጥላል፣ አእምሮንም ያደናግራል። በዚያ ላይ ፍሎክሰቲን ጉበት አሚትሪፕቲሊንን የሚያስወግድበትን መንገድ ያዘገየዋል። ስለዚህ የታዘዘው 25 ሚሊግራም ቢሆንም በደማቸው ውስጥ የሚጠራቀመው ከዚያ የበዛ መጠን እንደወሰደ ሰው ነው።

አድቪል ፒኤም ደግሞ አንድ ኪኒን ይምሰል እንጂ ሁለት መድኃኒት ነው። አንዱ አይቡፕሮፌን ነው፤ ከኢናላፕሪልና ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሲገጥም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፣ ከፍሎክሰቲን ጋር ሲገጥም ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። ሁለተኛው ዲፌንሃይድራሚን ነው፤ የአለርጂ መድኃኒት ሆኖ ስለሚያስተኛ ነው ለእንቅልፍ የሚሸጠው፣ ትልልቅ ሰዎችንም ልክ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያደናግራል።

እንግዲህ «ላቋርጥ?» ላልሽው መልሴ ይህ ነው። አድቪል ፒኤሙን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ተዪው፤ ማንም ሐኪም ያላዘዘው ነው፣ በመቅረቱም የሚመጣ ጉዳት የለም። ሌሎቹን ግን በራስሽ አታቋርጪ፤ በዚያው ቀን የሚያያቸው ሐኪም ይወስን። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ድንገት ሲቆም የራሱ መዘዝ አለው። ፍሎክሰቲንም ቢቆም ከሰውነት እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ዛሬ አቁመሽ ነገ ለውጥ ብትጠብቂ ላታዪ ትችያለሽ። ምግብ የማይበሉ ከሆነ ግን የስኳሩን ነገር ለሐኪሙ ቀድመሽ አንሺ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። ፍሎክሰቲኑን ያዘዘው ሐኪም ለድባቴ ትክክለኛ መድኃኒት ነው ያዘዘው። አሚትሪፕቲሊኑን ያዘዘውም ለእግር ማቃጠል የሚታወቅ መድኃኒት ነው የሰጠው። ወንድምሽም እናቱን አስቦ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ደህና ነው። አደጋው ያለው ሦስቱን ማዘዣ ባንድ ላይ ያየ ሰው ባለመኖሩ ነው። ጥፋተኛ ፍለጋ ብትወጪ ጊዜሽን ትጨርሻለሽ፤ ይልቅ ያንን አንድ ላይ የሚያይ ሰው መፍጠር ይሻላል።

ለምን አይነጋገሩም? ብዙዎቹ ግዴለሾች ሆነው አይደለም። በኛ አገር «የቤተሰብ ሐኪም» ስንል በአብዛኛው ጤና ጣቢያ ላይ ያለውን ጤና መኮንን፣ ጠቅላላ ሐኪም ወይም ክትትል ክፍል ያለችውን ሲስተር ማለታችን ነው። የቤተሰብ ሕክምና እንደ ስፔሻሊቲ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲም እዚያው የተጀመረው በ2003 ነው። ሁለቱም ገና ወጣት ሙያዎች ናቸው። ከዚያ በፊት የአእምሮ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ውጭ አገር ሄዶ ነበር የሚማረው። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኝ የዳበረ ልማድ ገና አልተገነባም። በዚያ ላይ እናትሽ በሄዱ ቁጥር የሚያገኙት ሰው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ካርዱ ካርድ ክፍል ነው፣ ከበር ውጭ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነው፣ የዚያኛው ሆስፒታል ስልክ ማንም ጋ የለም። የአንዱ ካርድ ወደ ሌላው አይሄድም።

ሪፈር የሚባለው ወረቀት ደግሞ ያለው አንድ መንገድ ብቻ ሆኗል። ሲሄድ እናየዋለን፣ ሲመለስ አናየውም። ቅጹ የመልስ ቦታ አለው፤ ባዶውን ነው የሚቀረው። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ግን «ለተሻለ ሕክምና» የሚለው ሐረግ ነው። ይህ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄ የሌለው ወረቀት መልስ አያገኝም። የአእምሮ ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያየው እንዲህ ያስባል፦ ምን ፈለጉ? መድኃኒት እንድቀይር ነው? የመርሳት በሽታ ነው አይደለም እንድል ነው? ወይስ እንድረከባቸው? ስላልተጻፈለት የመሰለውን ያደርጋል፣ ብዙ ጊዜም ይመልሳቸዋል።

«ዕድሜ ነው» ስለሚለውም አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም ከልቤ ይከነክነኛል። ዕድሜ በሽታ አይደለም፣ ምርመራም አይደለም። «ዕድሜ ነው» ከተባለ በኋላ ማንም ሌላ ነገር አይፈልግም፤ ጉዳዩ ይዘጋል። 73 ዓመት ሰውን በሦስት ሳምንት አያዘባርቅም። ይህን ለሐኪሙ በአክብሮት ማለት ትችያለሽ፦ «ዶክተር፣ ከወር በፊት ዕቁባቸውን ራሳቸው ነበር የሚሰበስቡት፤ አሁን ግን የልጃቸው ስም ይጠፋቸዋል።» እንዲህ ያለ አንድ አረፍተ ነገር፣ በፊት ምን ይሠሩ እንደነበርና አሁን ምን እንዳቃታቸው የሚናገር፣ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

በተግባር ምን ታደርጊያለሽ? መጀመሪያ ፌስታል ያዢ። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የቆመውንም፣ ከጎረቤት የተበደሩትንም፣ ከውጭ የመጣውንም፣ የባህል መድኃኒት ካለም እሱን፣ ከነማሸጊያው ፌስታሉ ውስጥ ክተቺ። ከጭንቅላት «ነጯ ኪኒን» ብሎ መናገር አይሠራም። ሁለቱም ጋ ስትሄጂ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፊው። እውነቴን ነው፣ ሐኪም ሆኜ ከማያቸው መረጃዎች ሁሉ የበለጠ የሚያስደነግጠኝና የሚጠቅመኝ ይህ ፌስታል ነው።

ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጻፊ። መድኃኒቱ ምንድን ነው፣ ስንት ሚሊግራም ነው፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ማን አዘዘው፣ መቼ ተጀመረ። ከሥር ደግሞ ምን መቼ እንደተለወጠ፦ አሚትሪፕቲሊን የተጀመረበት ቀን፣ መዘባረቅ የታየበት ቀን፣ የወደቁበት ቀን። ቀኖቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነገሩ ራሱን ይገልጣል። ወረቀቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ኮፒውንም ከሁለቱም ካርድ ጋር እንዲያያዝ ጠይቂ።

ሐኪሞች ካርድ ላይ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ጽሕፈቱም የሚነበብ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሪፈር ሲጻፍልሽ ከክፍሉ ሳትወጪ «ምን ብለው ጻፉላቸው?» ብለሽ ጠይቂ። መብትሽ ነው፣ ነውር የለውም። «ለተሻለ ሕክምና» ካሉሽ፣ «እባክዎ የምንጠይቃቸውን ጥያቄ ይጻፉልኝ» በይ። ጥሩ ወረቀት ምን ይመስላል ካልሽ፣ በእናትሽ ጉዳይ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሶዲየሙ ወርዶ ተገኘ እንበልና፦

«የ73 ዓመት እናት። ግፊትና ስኳር አለባቸው። ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሜትፎርሚን ይወስዱ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት እናንተ ጋ ፍሎክሰቲን 20 ተጀምሯል። እኛ ሳናውቅ አሚትሪፕቲሊን 25 ሰጥተናል። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግራ መጋባትና አንድ ጊዜ መውደቅ። ሶዲየም ወርዷል፣ ውጤቱ ተያይዟል። ሃይድሮክሎሮታያዛይዱን በአምሎዲፒን ቀይረናል፣ አሚትሪፕቲሊኑን እያቆምን ነው። ጥያቄያችን፦ ፍሎክሰቲኑ ይቁም ወይስ በሌላ ይቀየር? ሶዲየሙን በአንድ ሳምንት ውስጥ እኛ እናስደግማለን። ድባቴውን እናንተ ትከታተላላችሁ ወይስ እኛ? መልሳችሁን በዚህ ስልክ ወይም በጀርባው ይጻፉልን።»

ይህን ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እዩት ግን ምን እንዳለው። ምን እንደተሠራ ይናገራል፣ አንድ ግልጽ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ማን ምን እንደሚያደርግ ያስቀምጣል። በተለይ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ነው። ሁለት ሐኪም ያለው ሰው ሁለቱም «ሌላኛው ያየዋል» ብለው የሚያስቡለት ሰው ነው። ሶዲየሙን ማን ይለካል? መድኃኒቱ በስንት ጊዜ ውስጥ ለውጥ ካላመጣ ማን ያስባል? እራስን የማጥፋት ሐሳብ እንዳለ ማን ይጠይቃል? ስም ወይም ክፍል ካልተጻፈበት ማንም አያደርገውም።

የአእምሮ ሐኪሙም ሲመልስ እንዲሁ አጭር ይሁን። ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ ስለ እናትሽ የልጅነት ታሪክ ማንበብ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው፦ በሽታው ምንድን ነው፣ የትኛውን መድኃኒት ለምን፣ እስከ መቼ፣ ከምን ጋር እንዳይሰጥ፣ ምን ምልክት ከታየ በቶሎ ይመለሱ። ለአእምሮ ሐኪም ባልደረቦቼ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለትልልቅ ሰዎች ሃሎፐሪዶል ወይም ሌላ የሳይኮሲስ መድኃኒት ስታዙ የሚቆምበትን ቀን አብራችሁ ጻፉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እነዚህ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው ትልልቅ ሰዎች ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ለአዳዲሶቹ፣ በ2008 ደግሞ እንደ ሃሎፐሪዶል ላሉት ለቀድሞዎቹ። ቀን ካልተጻፈ ጤና ጣቢያው ለማቆም ይፈራል፤ ታማሚው ለሁለት ሳምንት የታሰበውን ለሁለት ዓመት ይወስዳል።

ለጤና ጣቢያ ባልደረቦቼ ደግሞ። እግሬን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ጨነቀኝ፣ ጨጓራዬ ነው፣ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል የሚሉ እናት ሲመጡ ስለ እንቅልፋቸውና ስለ ሐዘናቸው አንድ ጥያቄ ጨምሩ። የኛ ትልልቅ ሰዎች «ድባቴ ያዘኝ» ብለው አይመጡም፣ ሰውነታቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። በሌላ በኩል ደግሞ ሁሉንም «ሐሳብ ነው» ብሎ ወደ አእምሮ ሐኪም መግፋትም አለ። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፤ እሱም እግር ያቃጥላል፣ ያደነዝዛል፣ ማስታወስንም ያዳክማል። የእንቅርት ዕጢ ችግርም ሰውን ያፈዛል፣ ያስከፋል። እነዚህን አይቶ ወረቀቱ ላይ መጻፍ የአእምሮ ሐኪሙን ሥራ ግማሽ ያቀልለታል።

እንዲህ ያለ ትብብር ሕልም እንዳይመስልሽ። አሜሪካ ውስጥ ኢምፓክት የሚባል ትልቅ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። 60 ዓመት የሞላቸውና ድባቴ ያለባቸው 1,801 ሰዎች በ18 የመጀመሪያ ደረጃ ክሊኒኮች ተካተቱ። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና አገኙ። ለሌሎቹ እዚያው ክሊኒክ ውስጥ አንድ ነርስ ወይም ሳይኮሎጂስት ተመደበላቸው። እሷ ትደውላለች፣ ለውጣቸውን ትለካለች፣ በየሳምንቱም ከአእምሮ ሐኪሙ ጋር ስለ እያንዳንዳቸው ትመክራለች፤ መድኃኒቱን የሚያዘው ግን የራሳቸው ሐኪም ነው። ከዓመት በኋላ የድባቴ ምልክታቸው ቢያንስ በግማሽ የቀነሰላቸው በዚህኛው ቡድን 45 በመቶ፣ በተለመደው ሕክምና 19 በመቶ ሆኑ። መድኃኒቶቹ በሁለቱም ቡድን የነበሩ ናቸው። አብዛኞቹ ታማሚዎች የአእምሮ ሐኪሙን በአካል ማግኘት እንኳ አላስፈለጋቸውም። ልዩነቱን ያመጣው የሚጠይቅና መልሱን የሚያደርስ ሰው መኖሩ ነው።

እኛ አገር በየጤና ጣቢያው እንዲህ ያለ ነርስ የለችም። ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው ፕሮግራም መሠረት ጤና ጣቢያ ላይ የአእምሮ ሕመምን ለማየት የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አሉ። «እዚህ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ካለ የእናትሽን ጉዳይ አንድ ሰው ይያዘው፣ ስሙንም ጻፊው። በሄዱ ቁጥር እሱን ፈልጊ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፤ እናትሽ እንዳይሰማ ስለሚሉት። አትቆጪያቸው። ሰፈር ውስጥ «አማኑኤል ሄደች» መባልን መፍራት መሠረት የለሽ ፍርሃት አይደለም፣ ስም ሲወጣ አይተዋል። ያለ ፈቃዳቸው መናገርሽ ቅር ቢያሰኛቸው እውነት አላቸው። በሰላሙ ሰዓት፣ ነቃ ሲሉ፣ እንዲህ በያቸው፦ «እማዬ፣ ጤና ጣቢያ የሚያውቁት የመድኃኒቱን ስም ነው። ስለ ቤታችን፣ ስለ አባዬ፣ ስላለቀስሽው አላወራም። መድኃኒቱን ካላወቁ ግን የሚጋጭ ይሰጡሻል፣ ሰጥተውሻልም።» ብዙ ትልልቅ ሰዎች ነገሩ እንዲህ ተለይቶ ሲቀርብላቸው ይስማማሉ። ሐኪም ሊያውቀው የሚገባው የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የበሽታው ዓይነት፣ የአደጋው ምልክት ነው። የቤተሰብ ጠብ፣ የውርስ ነገር፣ ሐዘኑ እንዴት እንደነበር፣ እሳቸው ካልፈለጉ እዚያው የአእምሮ ሐኪሙ ጋ ይቀራል። ወረቀቱንም በታሸገ ፖስታ እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ ካርድ ክፍል ላይ ገልጦ የሚያነብ አይጠፋም። እሳቸው ግራ በተጋቡበትና ለራሳቸው መወሰን ባልቻሉበት ሰዓት ግን ሕይወት ይቀድማል፣ መናገርሽ ትክክል ነው።

ከሐኪም ጋር ሲገቡም አንቺ ብቻ አትናገሪ። አምስት ደቂቃ ብቻቸውን ይነጋገሩ፤ ልጅ ፊት የማይወጣ ነገር አለ። ጆሮአቸው ከከበደ ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪው። ያልሰማ ሰው የዘባረቀ ይመስላል።

ሁለቱም ሐኪሞች ሳይጠይቁ የሚያልፏቸው ሁለት ነገሮች አሉ፣ አንቺ አንሺያቸው። አንዱ ጾም ነው። እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ የጠዋቱ መድኃኒት ወይ ይዘለላል ወይ ከማታው ጋር ይደረባል። ሳይበሉ ሳይጠጡ መዋልም ለግፊትና ለስኳር መድኃኒት ቀላል ነገር አይደለም። ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር አስተካክሉት፤ የንስሐ አባታቸውንም አማክሩ፣ ለታመመ ሰው የሚሉት አላቸው። ሌላው ጠበል ነው። ጠበል መሄዳቸውን ማንም አይከለክል። መድኃኒቱ ግን አብሮ ይሂድ፣ ይህንንም ሐኪሙ ይወቅ። ተደብቆ የቆመ መድኃኒት ሁለቱንም ሐኪም ያሳስታል፤ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብለው መጠን ይጨምራሉ።

የጤና መድን ካላችሁ ደግሞ ሪፈር ሳትይዙ በቀጥታ ወደ ላይ ብትሄዱ ወጪው በእናንተ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ለክትትል ስትሄዱ ወረቀቱን ከጤና ጣቢያ ያዢ። የዛሬው ግን ድንገተኛ ነው፣ ወረቀት ፍለጋ አትቆዪ።

ውጤቱ ከወጣ በኋላ የሚሆነውን ላስቀምጥልሽ። ሶዲየሙ ወርዶ ከሆነ እንደ መጠኑ ሊተኙ ይችላሉ፤ ሲስተካከል ግራ መጋባቱ ባንዴ አይጠፋም፣ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። በዚያ መሃል ተስፋ ቆርጠሽ «የመርሳት በሽታ ነው» ብለሽ አትደምድሚ። የመርሳት በሽታ ምርመራ የሚሠራው ይህ ሁሉ ሲረጋጋ ነው። ሶዲየሙም ኩላሊቱም ደህና ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ይፈልግ። የሐዘናቸውና የድባቴያቸው ሕክምና ግን በምንም መንገድ እንዳይቋረጥ። መድኃኒት ይቀየራል እንጂ እናትሽ ያለ ሕክምና አይቀሩም፤ ይህን ለአእምሮ ሐኪሙ አጥብቀሽ ንገሪ። የሚያናግራቸው ሰው ካለም፣ ሳይኮሎጂስትም ይሁን ሠልጣኝ ነርስ፣ ያ ለሶዲየም አያሰጋም።

ወንድምሽን ደግሞ ዛሬ ደውዪለት፣ አትውቀሺው። እዚያ ያለ ሐኪም ሳይጠየቅ ከመደርደሪያ የሚገዛ ነገር ስለሆነ ቀላል መስሎት ነው። መድኃኒት መላኩን ይተው። መርዳት ከፈለገ የግፊት መለኪያና በቀንና በሰዓት የተከፋፈለ የመድኃኒት ሣጥን ይላክ፣ የሶዲየም ምርመራውን ወጪም ይሸፍን፤ እናቱንም ማታ ማታ ሳይሆን ቀን፣ ነቃ ባሉበት ሰዓት ይደውልላቸው።